ሦስት ፕላስ

ጥር 20፣ ሰኞ፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ዛሬም አልተሳካም። ውሻው እግሩን ያነሳል፤ እኔ ጭልፋውን እዘረጋለሁ፤ እግሩን ይመልሳል። ዞሮ ያየኛል። ሄድ ብሎ የአጥሩን ቆርቆሮ ያሸታል። ደግሞ ያነሳል። ደግሞ እዘረጋለሁ። ደግሞ ይተወዋል። ሃምሳ ዓመቴን ደፍኜ፣ በቢጃማ፣ የውሻ ሽንት ልቀዳ ጎንበስ ቀና።

ጎረቤታችን ወ/ሮ አስካለ በአጥሩ ቀዳዳ ታያለች። ሰላም ልላት ስል ቀደመችኝ። «መምህር፣ ደመወዙ እዚህ አደረሰዎት?» ጭልፋውን ከኋላዬ ደበቅኩ። ይህን ለሰፈሩ እንዴት እንደምታወራው አውቃለሁ።

ኦቦ ደበላ በረንዳው ላይ ጋቢ ተከናንበው ቁጭ ብለዋል። የባለቤቴ የጫልቱ አባት ናቸው። ውሻው የእሳቸው ነው። ተነስተው አያግዙኝም። ባርሲሳ፣ ከኋላው ብትመጣበትስ ይሉኛል። ባርሲሳ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው። ልጃቸውን ካገባሁ ጀምሮ ስሜን አንድ ቀን አልጠሩትም።

የት/ቤት ደወል ደረሰ። ሽንት የለም።

ከሰዓት

ደብተሬ፣ እዚህ እንዴት እንደደረስኩ ልንገርህ። ለሌላ ሰው ብነግር ይስቃል።

ኦቦ ደበላ ለጥምቀት ጎጆ ከምትባለው ደጋ ከተማቸው መጡ። በአይሱዙ፣ ከድንች ጆንያ ጋር፣ ውሻውን እግራቸው ሥር አድርገው። ሌንጮ ይሉታል፤ አንበሳው እንደማለት። አንበሳ አይመስልም። በዓሉን ውለው ሊመለሱ ነበር። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ጎጆ ብቻቸውን ናቸው። ባለፈው ኅዳር፣ ውርጩ በጠናበት ሰሞን፣ ጎረቤት ገብቶ ወለሉ ላይ ወድቀው አገኛቸው። ምድጃው ከጠፋ ምን ያህል እንደቆየ እሳቸውም አያውቁም። ከዚያ ወዲህ ጫልቱ እዚህ ይቅሩ ትላለች። እሳቸው አይሆንም። እኔ በዚህ ጉዳይ አስተያየት የለኝም። የሚተኙባት ክፍል ግን ፈተና የማርምባት ነበረች።

በዓሉ እንዳለፈ ውሻው መጠጣት ጀመረ። ባልዲ ይጨርሳል። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ይሸናል። ይጠጣል፣ ይሸናል። ጎኑ ገባ። ኦቦ ደበላ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፦ ሕመሙ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ይዤው ጎጆ አልመለስም። ጫልቱ ይህን ስትሰማ ፊቷ በራ። በማግስቱ ክሊኒክ ደወለች። ሽንት ቀድታችሁ አምጡ ተባለ። ቀጂው እኔ ሆንኩ።

ጥር 21፣ ማክሰኞ

ተሳካ። ዘዴው ከኋላ መምጣት ነው። ሽማግሌው ትክክል ነበሩ። አልነገርኳቸውም።

በሽሮፕ ጠርሙስ ገልብጬ በባጃጅ ወደ እንስሳት ክሊኒኩ። ዶ/ር ሲፈን ወጣት ናት፣ የእጃጂ ከተማ ልጅ። መመርመሪያዋን አወጣች። ቀጭን የፕላስቲክ ቅንጣቢ፣ ጫፉ ላይ ሁለት የቀለም ሰሌዳ ብቻ። አንዱ ለስኳር፣ አንዱ ለፕሮቲን። አሥር ቀለም ያለው ነበረን፣ ካለቀ ቆየ፣ አላመጡልንም አለች። ነከረችው። የስኳሩ ባለበት ቆመ። የፕሮቲኑ ቢጫ ወደ አረንጓዴ ዞረ። ፕላስ በበዛ ቁጥር ፕሮቲኑ ይበዛል ብላ ከማሸጊያው ቀለማት ጋር አስተያየችው። ሁለት ፕላስ።

ኩላሊቱ ነው ማለት ነው? አልኳት።

አንድ ውጤት ፍርድ አይደለም አለች። ፕሮቲን ሽንት ውስጥ ከሦስት ቦታ ይመጣል። ከኩላሊት በላይ፣ ከደሙ። ከኩላሊቱ ከራሱ። ከኩላሊት በታች፣ ከፊኛውና ከመውጫው። ትኩሳት ያመጣዋል። የፊኛ ቁስለት ያመጣዋል። ወንድ ውሻ ካልተኮላሸ የዘሩ ፈሳሽም ይቀላቀላል። በምን ቀዱት? በጭልፋ። ጭልፋው በምን ታጠበ? በኦሞና በበረኪና። ዓይኗን ጨፈነች። እሱም ያሳስታል። በውሃ ብቻ የተለቀለቀ ንጹሕ ዕቃ፣ የጠዋት ሽንት፣ በሌላ ቀን። ከዚያ ደግሞ በሌላ ቀን። ምን ይበላል? የገብስ ቂጣ፣ አጥንት። እሺ።

የሄድኩት አዎ ወይም አይደለም ልሰማ ነበር። ሦስት ቦታ ይዤ ተመለስኩ።

ጫልቱ ያ ጭልፋ የወጥ ጭልፋዋ መሆኑን ዛሬ አወቀች። ስለዚህ አልጽፍም።

ጥር 24፣ ዓርብ

ንጹሕ ዕቃ። የጠዋት ሽንት። ሦስት ፕላስ።

ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ትኩሳቱን ለካች፤ የለውም። ሽንቱን በማይክሮስኮፕ አየች፤ ደም የለም፣ መግል የለም። ከላይም ከታችም የሚያሳብቅ ነገር ጠፋ። ለሦስተኛ ጊዜ አምጡ። አሁንስ ኩላሊቱ ነው? አልኳት። አሁንም ፍርድ አይደለም። ይህችን ልጅ ዳኛ ባደረጓት። አንድም ሰው አይፈረድበትም ነበር።

ቤት ስገባ ጄሪካኑ እግሬን መታኝ። ጥፍሬ ጠቁሯል። ቢጫ ጄሪካን፣ ኮሪደሩን ዘግቶ የተቀመጠ። ባለ አህያው ሆራ እያመጣ ይሞላል። ከከተማው ወጣ ብሎ ከመሬት የሚፈልቀውን፣ ጨው ጨው የሚለውን፣ ከብት እየተነዳ የሚጠጣውን ውሃ። ኦቦ ደበላ ከአምቦ የወደዱት እሱን ብቻ ነው። በአገራቸው ከብቱን ለሆራ ቆላ ድረስ ይነዱ ነበር፤ እዚህ በር ላይ ይመጣል። የውሻውን ቂጣ በእሱ ያርሱታል። ለላም የበጀ ለውሻ ምን ይሆናል፣ ጠጉሩ ሲያበራ አታይም ወይ ይላሉ። ሌንጮ ከታመመ ወዲህ ደግሞ ጨምረውለታል፤ በሽተኛ ብርታት ይፈልጋል ብለው።

ሬዲዮናቸው ገና ጎህ ሳይቀድ ይከፈታል። ጆሯቸው ስለደከመ እስከ መጨረሻው ያስጮኹታል። መታጠቢያ ቤቱ አንድ ነው። ደብተሬ፣ ይህን የምጽፍልህ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ሽንኩርት አጠገብ።

ጥር 28፣ ማክሰኞ

ሁሉም ሰው ሐኪም ሆኗል።

ወ/ሮ አስካለ፦ ስኳር ነው፤ የእህቷም እንዲህ ነበር የጀመራት። ስኳሩ ተለክቶ ምንም አልተገኘበትም አልኳት። የእህቷንም መጀመሪያ እንዲህ ነበር ያሉት። የባዮሎጂ መምህሩ፦ ፕሮቲን ስለበላ ነው፤ ሥጋ ከልክለው። የት/ቤቱ ዘበኛ፦ ውሻ ኩላሊት የለውም። ይኼኛው ቢያንስ አዲስ ነገር ነው።

በሰው ላቦራቶሪ የሚሠራ የማውቀው ሰው አለ። ማሽኑ ላይ አንዴ እንዲያይልኝ ለመንኩት። ጠርሙሱን ከእጄ አልተቀበለም። እዚህ ማሽን ውስጥ የእናትህ ሽንት ቢገባ ትወዳለህ? አለኝ። ምን ለማለት እንደፈለገ እስካሁን አልገባኝም። ተናድጄ ወጣሁ።

ሳይናደዱ የዋሉት ኦቦ ደበላ ብቻ ናቸው። ውሻው አልታመመም፣ የታመመው ወረቀታችሁ ነው ይላሉ። ታዲያ ለምን ባልዲ ይጨርሳል? የአምቦ ሙቀት። ጥር ወር ላይ።

የካቲት 4፣ ሰኞ

ሦስተኛው። ሦስት ፕላስ።

ዶ/ር ሲፈን ዛሬ አልተሟገተችም። አንድ ጠብታ በትንሽ መነጽር ብርሃን ላይ አየች። ሽንቱ ቀጭን ነው፣ ውሃ ሊሆን ምንም አልቀረው አለች። ወፍራም ሽንት ላይ አንድ ፕላስ ቢታይ አታስጨንቅም ነበር፤ እንዲህ ቀጥኖ ሦስት ፕላስ ካሳየ ግን የሚፈሰው ፕሮቲን ብዙ ነው። ሦስት የተለያየ ቀን፣ ያለ ትኩሳት፣ ያለ ደም፣ ያለ መግል። ከሦስቱ ቦታ የቀረው አንድ ነው። ኩላሊት።

እርግጡ የሚታወቀው በመጠን ነው አለች። ፕሮቲኑን ከሌላ ክሬቲኒን ከሚባል ነገር ጋር አመዛዝነው ቁጥር ያወጣሉ። ሽንቱ ቢቀጥንም ቢወፍርም ያ ቁጥር አይታለልም። የሚሠራው አዲስ አበባ ነው። ናሙናውን በበረዶ አድርጋ በሚኒባስ ሹፌር ላከችው።

ኦቦ ደበላ አብረውኝ ነበሩ። ምን ይደረጋል? ብለው ጠየቁ፣ በአማርኛ፣ ቀስ ብለው። ምግቡን ማስተካከል። ስቃይ ከጀመረው ደግሞ መርፌ አለ፤ አይሰማውም። እሺ አሉ።  ቤት ስንደርስ ለጫልቱ በኦሮምኛ ነገሯት። ታውቋል። ውሻ መሞቻው ደጁ ነው። ቅዳሜ ወደ ጎጆ።

ጫልቱ የታጠበውን ድስት መልሳ አጠበችው።

ክፍሌ ሊመለስልኝ ነው። ኮሪደሩ ሊደርቅ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ጫልቱ ማታ ከጎኔ ተኝታ፣ ጎጆ አሁን ስንት ዲግሪ ነው? አለችኝ። እኔ ምን አውቃለሁ። የኬሚስትሪ መምህር ነኝ።

የካቲት 6፣ ረቡዕ

ዶ/ር ሲፈን ደወለች። ሹፌሩ ዕቃውን ሞተሩ አጠገብ አስቀምጦት ክዳኑ ተፈናጥሯል። አዲስ አበባ የደረሰው ባዶ ጠርሙስ ነው። ሹፌሩ የመኪናው ምንጣፍ ሸተተብኝ ብሎ እሷን ይወቅሳል።

እንደገና ለመላክ እስከ ሌላ ሳምንት። ቅዳሜ ይሄዳሉ። ቁጥር የለም።

ኦቦ ደበላ የአይሱዙውን ሹፌር አነጋግረው ጨርሰዋል። ጫልቱ አባቷን ለመነች፣ ተቆጣች፣ አኮረፈች። የውሻዬ ሕመም ታውቋል ይላሉ። እሳቸውን እዚህ የያዛቸው አለማወቃቸው ነበር።

የካቲት 7፣ ሐሙስ፣ የምሳ ሰዓት

ምሳዬን ትቼ ነው የምጽፈው። ንዴት ይሁን ሌላ አላውቅም።

ትናንት የት/ቤቱ ስቶር ሄድኩ። የዛሬው ተግባር ልምምድ አሲድና ቤዝ ነው። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ስጡኝ። የለም። ከመቼ? ካለፈው ዓመት። ያለ ቤዝ ስለ ቤዝ አስተምር። እሺ። ጠዋት ስወጣ ጄሪካኑ እንደልማዱ እግሬን መታኝ፤ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ከሆራው በውሃ ጠርሙስ ቀዳሁ። ለቤዝ ይሆናል። ኦቦ ደበላ አዩኝ። አንተም ጀመርክ? አሉኝ፣ በደስታ።

3ኛ ክ/ጊዜ። ተማሪዎቹ የሊትመስ ወረቀት ሎሚ ውስጥ ነከሩ፤ ቀላ። ሆራው ውስጥ ነከሩ፤ ሰማያዊ ሆነ። ጋዙ ወጥቶለት ስለሰነበተ ጥሩ አድርጎ ሰማያዊ። አንዷ ልጅ፣ ቲቸር፣ የጠጣው ሰው ሽንቱም ሰማያዊ ይሆናል? አለች። ክፍሉ ሳቀ። እኔም የጥያቄ ሥርዓት ስለማያውቅ ተማሪ ንግግር ጀመርኩ። መሃሉ ላይ አቆምኩ።

ያ የክሊኒኩ ቢጫ ሰሌዳ። ቀለሙ የሚዞረው እንዴት ነው? ውስጡ አሲድ ተነክሯል፤ አሲዱ ቢጫ አድርጎ ይይዘዋል። ፕሮቲን ሲነካው አሲዱ እንዳለ ሆኖ ወደ አረንጓዴ ይዞራል። ግን ሽንቱ ራሱ ብርቱ ቤዝ ከሆነ? አሲዱን ይበላዋል። ፕሮቲን ኖረም አልኖረም አረንጓዴ ይሆናል።

አሥር ቀለም ያለው ቢኖር ኖሮ አንደኛው ሰሌዳ ይህንኑ ይናገር ነበር። ሁለት ቀለም ብቻ። ምን ይበላል ተባልን፤ ቂጣ አልን። ቂጣው በምን እንደራሰ ማንም አልጠየቀ፣ እኛም አልተናገርን። ጨው የበዛበት ውሻ ደግሞ ይጠማዋል። ባልዲ ይጨርሳል። ሽንቱ ይቀጥናል። ብርታት ብለው ሲጨምሩለት ሁለቱ ፕላስ ሦስት ሆነ።

ሃያ ምናምን ዓመት ሊትመስ አስተምሬያለሁ። በየቀኑ በጄሪካን እየተመታሁ።

የካቲት 8፣ ዓርብ

አልተኛሁም ማለት ይቻላል። ጠዋት ጭልፋ፣ ከኋላ፣ አንድ ሙከራ። ጎበዝ ሆኛለሁ። ከት/ቤት ይዤው የመጣሁትን ቁጥር የሚናገር ወረቀት ነከርኩት። ጥቁር ሰማያዊ። ወደ ዘጠኝ የሚጠጋ፤ ከሰባት በላይ ቤዝ ነው።

ይህ ግን ፕሮቲን የለም ማለት አይደለም። ወረቀቱ ይዋሻል ማለት ብቻ ነው። ዶ/ር ሲፈን አፌን እንደገራችው ታያለህ።

ስለዚህ ድሮ ላቦራቶሪ ሳይኖር ሰዎች ይሠሩት የነበረውን ሠራሁ። 2ኛ ክ/ጊዜ ክፍት ነበርኩ። ሁለት የሙከራ ቱቦ። በአንዱ የእንቁላል ነጭ በውሃ በጥብጬ፣ እርግጠኛ ፕሮቲን እንዲሆንልኝ። በሌላው የሌንጮ። መጀመሪያ እንቁላሉን እሳት አሳየሁት። ነጭ ደመና። ከጫልቱ ወጥ ቤት ያመጣሁትን አቼቶ ጠብ አደረግኩበት። ደመናው ንቅንቅ አላለም። ፕሮቲን እንዲህ ነው።

ቀጥሎ የሌንጮ። ፈላ። ደመነ።

ቱቦውን እንደያዝኩ ቆምኩ። ነጭ፣ እንደ እንቁላሉ ያለ። ታዲያ ልጅቷ ትክክል ናት፣ ውሻው ይሞታል፣ ነገ አይሱዙ ይመጣል አልኩ። አቼቶውን የጨመርኩት ለሥርዓቱ ያህል ነው። አንድ ጠብታ። ሽንቱ እንደ ለስላሳ ተፍለቀለቀ። ሁለት ጠብታ። ሦስት። አረፋው ሲወርድ ቱቦው ጠርቷል። በማዶው የግድግዳውን ስንጥቅ አየሁበት።

ደመናው ቤዝ ያመጣው የጨው ዝቃጭ ነበር። ፕሮቲን ቢሆን አይጠፋም።

በምሳ ሰዓት ክሊኒክ። ዶ/ር ሲፈን ታካሚ በግ ይዛ ነበር። ነገርኳት። በጉን ለቀቀችው። ሆራ? በየቀኑ? አለች። አባቴ ከብቱን ለሆራ ይነዳል፣ እኔ ራሴ ነድቻለሁ፣ እንዴት አልጠየቅኩም አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለበጉ። ከዚያ ወዲያው ወደ ራሷ ተመለሰች። የእርስዎም ሙከራ ፍርድ አይደለም መምህር። ጥቂት ፕሮቲን ቢኖር በዚህ አይያዝም። ሆራው ሙሉ በሙሉ ይቁም፤ ሁለት ሳምንት። ከዚያ የጠዋት ሽንት። አዲስ አበባ እኔ ራሴ እወስደዋለሁ፣ በሹፌር አይደለም።

ማታ፣ ከእራት በኋላ

ከባዱ ቀረ። ለኦቦ ደበላ አስረዳሁ። አሲድ፣ ቤዝ፣ ቢጫ ሰሌዳ። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«የታመመው ወረቀቱ ነው አላልኩህም?»

አዎ ብለዋል፣ ግን ያሳመመው የእርስዎ ሆራ ነው አልኳቸው። እዚህ ላይ ተበላሸ። ሆራ አሳመመ? ሆራ? አያታቸውም አባታቸውም ከብታቸውን በሆራ ነው ያቆሙት። እኔ በሎሚና በእንቁላል መጥቼ ሆራ እከለክላለሁ። ነገ አይሱዙው ይመጣል፣ ጄሪካኑም አብሮ ይሄዳል። ውሻው መንገድ ላይ ይጠጣል፣ እቤቱም ይጠጣል አሉ።

እንደሱ ከሆነ ይገድሉታል አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ወ/ሮ አስካለ ሳትሰማ አልቀረችም።

ጫልቱ እስከዚህ ሰሃን ታነሳ ነበር። ቁጭ አለች።

«አባ፣ ጎጆ እያለን ከብቱን ለሆራ በዓመት ስንቴ ነበር የምንነዳው?»

አሰቡ። «ሁለቴ። ሣሩ ከለመለመ ሦስቴ።»

«ለምንድን ነው በየቀኑ የማንነዳው?»

«ከብት በየቀኑ ሆራ ከጠጣማ...»

አልጨረሱትም። ሌንጮ ከጠረጴዛው ሥር ነበር። ጎንበስ ብለው አዩት። እጃቸውን ጭኑ ላይ አሳረፉ።

ሁለት ሳምንት አሉ በመጨረሻ። ለወረቀታችሁ ብዬ።

የእኔ ማስረጃ በቱቦ ነበር። የእሷ አንድ ጥያቄ ነው።

የካቲት 9፣ ቅዳሜ

አይሱዙው መጣ። ጥሩምባ ነፋ። ኦቦ ደበላ ወጥተው የሚቀጥለው ሳምንት አይደለም፣ ከዚያ ማዶ ነው አሉት። ሄደ። ጫልቱ ጄሪካኑን ለወ/ሮ አስካለ ላም ሰጠች። ላሚቱ በዓመት ስንቴ ትጠጣለች ብዬ አልጠየቅኩም።

የካቲት 15፣ ዓርብ

ውሻው በተራ ውሃ የራሰ ቂጣ አልበላም ብሎ ሁለት ቀን አኮረፈ። ኦቦ ደበላም አኮረፉ። ሁለቱም ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብለው ያዩኛል። ሦስተኛው ቀን ውሻው በላ። ባልዲው ግማሽ ላይ ቆመ። ኮሪደሩ ደረቅ ነው።

ኦቦ ደበላ አሁን ጠዋት ጠዋት ከእኔ ጋር ይወጣሉ። ቀጂ እንዳልሆኑ ያሳውቃሉ። ብቻ ውሻውን በስሙ ይጠሩታል፣ እንዲረጋጋ። ሳል ይዟቸዋል። ብርዱ እዚህ ምኑም አይደል ይላሉ፣ ያስላሉ።

የካቲት 25፣ ሰኞ

ጾም ገባ። አጥንት የለም። ውሻውም ያለ ፈቃዱ ይጾማል።

ዛሬ ነከረችው። ሰሌዳው ቢጫ እንደነበረ ቢጫ ቆመ። ዶ/ር ሲፈን መስኮት ላይ ወስዳ በፀሐይ አየችው። ዜሮ፣ ወይም ከዜሮ ትንሽ ከፍ ያለ፣ ፕላስ የማይባል። ሽንቱ አሁን ወፍራም ነው፤ በዚህ ላይ ይህቺ ብትታይ ግድ የለም አለች። ቁጥሩን ለማወቅ ነገ ናሙናውን ይዛው ትሄዳለች።

ቤት ገብቼ አበሰርኩ። ኦቦ ደበላ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አየህ ባርሲሳ። ሆራ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው።»

ደብተሬ፣ ጫልቱ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ባትረግጠኝ ኖሮ ምን እንደምል አላውቅም። የረገጠችው ጥፍሩ የጠቆረውን ነው።

ከዚያ ሽማግሌው ተነስተው ጋቢያቸውን ማጠፍ ጀመሩ። ድኗል፤ ታውቋል፤ ቁጥሩን እንደሰሙ ይሄዳሉ። ጫልቱ እግሬን እንደረገጠች ቀረች።

ትክክል ለመሆን ስሯሯጥ ይህ አልታየኝም። ቢሞትም ይሄዱ ነበር። ቢድንም ይሄዳሉ።

መጋቢት 2፣ ሰኞ፣ ከሰዓት

ቁጥሩ መጣ። ከት/ቤት ስመለስ ክሊኒክ ገባሁ። ብቻዬን።

ዜሮ ነጥብ ሦስት። ከዜሮ ነጥብ ሁለት በታች ጤነኛ ነው አለችኝ። ከዜሮ ነጥብ አምስት በላይ ከተመላለሰ ኩላሊት ነው። መሃል ላይ ያለው መሃል ላይ ነው። ምን ማለት ነው? ይደገማል ማለት ነው። መቼ? በሁለት ወር። ያኔስ መሃል ላይ ከሆነ? ያኔም ይደገማል። ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ይህ ሁሉ ጭልፋ ለዜሮ ነጥብ ሦስት።

ስወጣ ጠራችኝ። መምህር፣ ግን ሐሳብ አይግባችሁ፤ ሳይሆን አይቀርም ደህና ነው፤ ሽማግሌው ከፈለጉ አገራቸው ይግቡና በሁለት ወር ብቅ ይበሉ።

ቤት። ኦቦ ደበላ በረንዳው ላይ። እቃቸው ታስሮ በር ላይ። ጫልቱ ከወጥ ቤት ወጥታ እጇን በመቀነቷ እየጠረገች ቆመች። ሌንጮ ጅራቱን አንዴ መታ።

ሁሉን ነገርኳቸው። ሁለቱን ቁጥር፣ መሃሉን፣ መደገሙን። ዶ/ር ሲፈን ስወጣ ያለችኝን አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ለራሴ አስቀረሁ።

«ታዲያ ታሟል አልታመመም?» አሉ ኦቦ ደበላ።

«አይታወቅም።»

«መቼ ይታወቃል?»

በሁለት ወር ይደገማል አልኳቸው። ከዚያ ምናልባት አንዴ ይደገማል። አንድ ውጤት ፍርድ አይደለም።

ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። መጋቢት፣ ሚያዝያ። ከተደገመ ሰኔ። ሰኔ የጎጆ መንገድ ጭቃ ነው፤ አይሱዙ አይወጣም። ከመስከረም በኋላ ደግሞ ውርጩ ይመጣል፤ ይህን እሳቸው አልተናገሩትም፣ እኔም አልተናገርኩም። ጣታቸው አለቀ።

«ባርሲሳ፣ ትምህርታችሁ ሁሉ እንዲህ ነው?»

«አዎ» አልኳቸው።

ተነሱ። እቃቸውን ከበር ላይ አንስተው ወደ ውስጥ ገቡ። ወዲያው ሬዲዮው ጮኸ። ጫልቱ ወጥ ቤት ተመልሳ ያንን ጭልፋ ይዛ መጣችና እጄ ላይ አኖረችው። ከእንግዲህ ያንተ ነው አለች። 

ቅዳሜ አናጢ እጠራለሁ። ጄሪካኑ የነበረበት ቦታ ለማረሚያ የሚሆን ጠባብ ጠረጴዛ ይይዛል። ለካሁት።